ለተብርሃን ያጠፋችው ፊት

ለተብርሃን የወንድሜን ፊት አጥፍታብኛለች። ከወንድሜ የቀረን አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ነበር፤ እሱን አቃጠለችው። ከዚያ ፎቶግራፍ እያየች የሣለችውን ደግሞ በሌላ ሰው ፊት ሸፈነችው። ሳትጠይቀኝ። ባለፈው ሳምንት የሰፈሯ ሰው መጥቶ «ለተብርሃን አረፈች» ሲለኝ፣ ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት የመጣብኝ ይኸው ነው። ሰው ሲሞት ደግ ደጉን ማውራት ልማድ ነው። እኔ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

የምጽፈው በአማርኛ ነው። የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ አይደለም። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ግን ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በማታ ትምህርት ቤት ነው። ያን ጊዜ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አስመራ ውስጥ የሚያስተምሩት በአማርኛ ብቻ ሆኖ ነበር። የሰጡኝን ይዤ ቀረሁ። ሰውን ስረግምም ሳመሰግንም የምጽፍበት ሌላ ነገር የለኝም።

ሥራዬ የፎቶግራፍ ፍሬም መሥራት ነው፤ ሰው አናጢው ይለኛል። ሱቄ ከትልቁ ጎዳና ከኮምቢሽታቶ ጀርባ፣ ከሲኞር ጊዶ ፎቶ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን ጠባብ ክፍል ነበረች። ሲኞር ጊዶ ያነሳል፣ ለተብርሃን ቀለም ትቀባለች፣ እኔ ፍሬምና መስተዋት አስገባለሁ። ባለ ቀለም ፊልም እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ነው። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይታጠባል፤ ጉንጩን የሚያቀላው፣ የነጠላውን ጥለት አረንጓዴና ወርቅማ የሚያደርገው የሷ እጅ ነው። በጀርባው የሚመታው ማኅተም ግን የሲኞር ጊዶ ብቻ ነበር።

«ስምሽን ለምን ጥግ ላይ አትጽፊም?» አልኳት አንድ ቀን።

«እሱ የጣሊያን እጅ ነው እያለ እኮ ነው የሚሸጠው። ስሜ ከወጣ ማን ያስቀምጠኛል?» አለችና ሳቀች። እኔን አላሳቀኝም።

ረጅምና ቀጭን ነበረች። ባሏ ክፍሎም በምጽዋ መንገድ የጭነት ማኪና ይነዳ ነበር፤ አንድ ክረምት ከነማኪናው ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር እንደለበሰች አንዲት ልጇን ሰናይትን የካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። አዲስ ሰው ስታይ አንድ ዓይኗን ትጨፍንና አውራ ጣቷን ወደ ፊቱ ዘርግታ ትለካዋለች። ከንፈር ከአፍንጫ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የትኛው ቅንድብ ከፍ እንደሚል። ሰው አይወድላትም። ጎረቤታችን አትክልት ሻጯ «እቺ ሴትዮ ለሬሳ ሳጥን የምትለካኝ ይመስለኛል» እያለች ታማትብ ነበር።

«ጠዋት ለሆዴ፣ ከሰዓት ለእጄ» ትል ነበር ለተብርሃን። ጠዋት ጠዋት የጃንሆይን ፎቶግራፍ ትቀባለች። መሥሪያ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ መጠጥ ቤቱም እንዲሰቅል ይታዘዝ ስለነበር ሥራው አያልቅም። «ከንጉሡ የሚያስቸግረኝ ፊታቸው አይደለም፤ ደረታቸው ነው» ትለኛለች ብሩሹን ከንፈሯ መሀል ይዛ። «አንዷን ሜዳልያ ቀለሟን ብሳሳት እሳቸው ምንም አይሆኑም። እኔን ነው ለቅመው የሚወስዱኝ።»

ከሰዓት በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ የራሷን ትሠራለች። ከዱቄት ጆንያ በወጠርኩላት ጨርቅ ላይ ሰው ትሥላለች። ልብስ የምታጥብ ሴት፤ አውቶቡስ አምልጦት ፌርማታ ላይ ቁጭ ያለ ሽማግሌ፤ ብስክሌት የሚገፋ ፖስተኛ።

«ይሄን ማን ይገዛሻል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ያደክምሻል?»

«እጄ ጠዋት የሠራውን እንዲረሳው ነው።»

ስሟን ያስጠራው ግን በሆዷና በእጇ መካከል ያለ ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ወንድ ለሥራ ጅዳና ካርቱም ይሄድ ነበር። ቤተሰቡ ፎቶ ቤት መጥቶ ሲነሳ የሌለው ሰው ወንበር ባዶ ይተውለታል። ሚስት እዚህ፣ ልጆች እዚያ፣ መሀል ላይ ባዶ ወንበር። ከዚያ ሴትዮዋ የባሏን ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከመታወቂያ የተረፈችውን፣ ለለተብርሃን ትሰጣለች፤ ለተብርሃን ሰውየውን ወንበሩ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሣለችው አልልም፤ አስቀመጠችው ነው የምለው። የሚስቱ ትከሻ ላይ የሱ ጥላ ያርፋል። የልጁ እጅ ጉልበቱን የያዘ ይመስላል። በእኛ አገር ለብቻው ጎልቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ የሞተ ሰው ነው። ከቤተሰቡ መሀል የተቀመጠ ግን አለ ማለት ነው፤ ይመጣል ማለት ነው። ሴቶቹ ከሓዝሓዝም ከሌላ ሰፈርም ወደሷ የሚጎርፉት ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጅዳ ያልሄዱት መጡ። ሜዳ የወጡት፣ ከታጋዮቹ ጋር የተቀላቀሉት። ጦሩ በቆላው መንደር ማቃጠል ከጀመረ በኋላ ጎረምሳ ያልጎደለበት ሰፈር አልነበረም። ስለዚህ ማንም አያወራም። ሁሉም ሴት «ጅዳ ነው» ትላለች፣ ለተብርሃንም «ጅዳ ነው» ብላ ትቀበላለች።

ወንድሜ ሃብተም፣ እኛ ሃብተ የምንለው፣ እንደዚያ ሄደ። ታናሼ ነው፤ ሃያ ዓመት አልሞላውም። አንድ እሑድ በብስክሌት እንደወጣ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱን የማናውቀው ሰው ገፍቶ አመጣና «አደራ ነው» ብሎ በራችን ላይ አስደግፎ ሄደ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ሰው ይሰማል። በማግስቱ እኔን አስከትላ ፎቶ ቤት ሄደች፣ ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጣ፣ እኔን ከኋላዋ አቁማ ተነሳች፣ የሃብተን ጉርድ ፎቶግራፍ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ለለተብርሃን ሰጠቻት።

«አደይ፣ ጅዳ ነው?» አለቻት ለተብርሃን፤ እናቴ ማለቷ ነው።

«እወ፣ ጅዳ» አለች እናቴ።

ስትሠራው አጠገቧ ነበርኩ። «ሲስቅ አፉ ወደየት ነው የሚያዘነብለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል አልኳት። «እንግዲያው ሊስቅ ሲል እሠራዋለሁ፤ እጁ ገና ጉልበቱ ላይ እያለ» አለች። እንዳለችው ሠራችው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በፎቶ ቤቱ በኩል መዞር ጀመረች። ግድግዳው ላይ እንዲደርቅ በተሰቀለው ሥዕል ፊት ቆማ «ሓደርካዶ ወደይ» ትለዋለች፤ እንደምን አደርክ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ቤቷ ትሄዳለች። ያቺን ጉርድ ፎቶግራፍ ግን ለተብርሃን ገና ፊቱን አልጨረስኩም ብላ አቆይታት ነበር።

ባለ ባርኔጣው የምንለው ሰው የመጣው አንድ አርብ ዕለት ነው። የፀጥታ ሰው መሆኑን የማያውቅ የለም። ከዚያ በፊት የሚስቱን ፎቶግራፍ አሠርቶ ወስዷል፤ ለተብርሃን ሚስቱን ከነበረችው በላይ አሳምራለት ነበር። ያን ቀን የሚሠራ ነገር አልያዘም። ተቀመጠ። ሻሂ አቀረበችለት። እኔ ጥግ ላይ መስተዋት እየቆረጥኩ ነበር።

«ወይዘሮ ለተብርሃን፣ እጅዎ የተባረከ ነው። እነዚህ ሁሉ ባሎች የት ነው የሚሠሩት?»

«ጅዳ።»

«ሁሉም?»

«ሰፊ ከተማ ናት ይላሉ። እኔ አላየኋትም።»

«እኔም አላየኋትም።» ሻሂውን አማሰለ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ሄደበት፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረ ነው። «ከትንንሽ ፎቶግራፍ እያየሽ አይደል የምትሠሪው? የት ናቸው?» እርስዎ ማለቱን የተወው እዚህ ላይ ነው።

«ለባለቤቶቹ እመልሳለሁ።»

«መልካም። ሰኞ ሰው ይዤ እመጣለሁ። ከዚህ ግድግዳ አንዲት እንዳትጎድል፣ አናጢው ጋ የሄዱትም እንደዚያው። ባለቤቶቹንም እንዳትጠሪብኝ፤ እኛ እንጠራቸዋለን።» ተነሳ፣ ባርኔጣውን አደረገ። በሩ ላይ ሲደርስ «ሻሂሽ ይጣፍጣል። የቐንየለይ» አለ። ምስጋናውን በእኛው ቋንቋ አደረገው።

መስተዋቱ እጄ ላይ ተሰበረ። «አቃጥያቸው! ሁሉንም፣ አሁኑኑ!» አልኳት።

«ጎደለ ሲል ማንን ይዞ ይሄዳል?»

«እና ሰኞ ድረስ ቁጭ ብለሽ ልትጠብቂው ነው?»

ግድግዳውን ነበር የምታየው። «ሂድ ሱቅህን ዝጋ፣ አናጢው» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ሱቄ ውስጥ ፍሬም የሚጠብቁትን ሥዕሎች በሙሉ ሰበሰበች። የእኛም ከነሱ ጋር ነበር። «ቀለሙ አልደረቀም» አለች። ደርቋል። በጣቴ ነክቼዋለሁ። «ደርቋል እኮ» ብላት «አልደረቀም አልኩህ» ብላ ጮኸችብኝ። ጮኻብኝ አታውቅም። ሰኞ ጠዋት በካኪ ወረቀት ጠቅልላ መለሰቻቸውና «አሁን እንዳትፈታቸው» ብላኝ ሄደች።

ባለ ባርኔጣው ሦስት ሰው ይዞ መጣ። እኔን ከነጥቅሉ ወደ ፎቶ ቤቱ አስገቡኝ። ሲኞር ጊዶ የለም፤ ራሴን አሞኛል ብሎ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ቤቱ ተኝቷል አሉ። ሥዕሎቹን ከግድግዳው አውርደው ወለሉ ላይ ደረደሩ። «የአንተን ፍታ» አለኝ። ፈታሁ።

እናቴ አለች። እኔ ቆሜያለሁ። ወንበሩ ላይ፣ ከእናቴ ጎን፣ ባለ ሪዝ፣ ሰፊ ግንባር፣ አንድ የወርቅ ጥርስ ያለው ሰው ተቀምጧል። ክፍሎም ነው። የለተብርሃን ባል፣ ገደል የገባው ሾፌር።

«ይሄን ሰውዬ እናቴ ጎን ማን አስቀመጠው?» ብዬ ጮህኩ። አስመስዬ አይደለም። ደሜ ፈልቶ ነበር። ባለ ባርኔጣው ሥዕሉን ትቶ የኔን ፊት ነበር የሚያየው።

ከዚያ ወለሉን አየሁ። በሁሉም ወንበር ላይ ክፍሎም ነው። ከሓዝሓዟ ሻሂ ሻጭ አጠገብ ክፍሎም፤ መንታ ካላት ሴት አጠገብ ክፍሎም፤ ከሽማግሌ አባትና ከእናት መሀል ክፍሎም። ወርቅ ጥርሱን እያሳየ ሁሉም ቤት ገብቷል።

«ይሄ ሰውዬ ስንት ሚስት ነው ያለው?» አለ ባለ ባርኔጣው። ከሦስቱ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«አንድ። እኔ ነኝ። እሱም ሞቷል» አለች ለተብርሃን። «ሴቶቹ ባዶ ወንበር አይወዱም። ወንድ አስቀምጪልን ይሉኛል። እኔ በቃሌ የማውቀው ወንድ እሱን ብቻ ነው።»

«አርብ ዕለት ሌሎች ነበሩ።»

«የትኞቹ?»

ሌሎች እንደነበሩ ያውቃል፤ ብዛታቸውን ይዟል፤ መልካቸውን ግን አልያዘም። ፊት መያዝ የሷ ሥራ ነው እንጂ የሱ አልነበረም። ከሞተ ሾፌር ደግሞ የሚያወጣው ነገር የለም። ጓሮ ወጥተው የምድጃዋን አመድ በእንጨት ቆሰቆሱ። ጉርድ ፎቶግራፎቹ በሙሉ እዚያ ነበሩ፤ የሃብተም ጭምር። አንዲት ጥግ እንኳ አልተረፈችም።

ሁለታችንንም ወሰዱን።

እኔን ደብድበውኛል። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። «ወንድምህ የት ነው? መልኩ ምን ይመስላል?» ይሉኛል። ጠይም ነው፣ ቀጭን ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ በአስመራ መንገድ ሁሉ ይሄዳል። «ፎቶግራፉስ?» ሲሉኝ «እሷን ጠይቋት! እሷ ናት ያጠፋችው፣ እጇ ይቆረጥ!» አልኳቸው። ከልቤ ስለነበር አመኑኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ወረቀት አቅርበው ጣትህን ንካ አሉኝ። ምን እንደሚል አላውቅም። ነካሁና ወጣሁ። ማታ ትምህርት ቤት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ የነካሁትን ነገር ሳላውቅ ዳግመኛ ጣቴን ላለማቅረብ።

እሷ እዚያው ቀረች። የጃንሆይ ልደት እየቀረበ መሥሪያ ቤቶቹ አዲስ ሥዕል ይፈልጉ ነበር፤ ሲኞር ጊዶ የቀጠረው ሌላ ቀቢ የንጉሡን ጉንጭ እንደ ቲማቲም አቀላው። ጨነቃቸው። ቀለሟን ወህኒ ቤት ድረስ አስገቡላትና ታስራ የንጉሡን ሜዳልያ ቀባች። ሐምሌ ላይ ለቀቋት። ሆዷ ነው ያስፈታት፤ የጠዋቱ ሥራዋ።

ስትወጣ የጠበቃት ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ሥዕላቸውን ሊወስዱ መጥተው የማያውቁት ወንድ አጠገባቸው ተቀምጦ አግኝተዋል። አንዷ፣ ጣሊያኖች ቤት የምትሠራ፣ የለተብርሃን በር ላይ ቆማ «ባሌን ገድለሽ ባልሽን አመጣሽብኝ!» ብላ ሥዕሉን ቀዳ ደጇ ላይ በተነችው። እናቴ አልቀደደችም። ሥዕሉን ቤት አምጥታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ ለመጠየቅ ያፍራል።

ለተብርሃን ሱቄ መጣች። ከስታለች፤ ፀጉሯ ከፊት ነጥቷል።

«ደህና ነህ?» አለችኝ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ጥግ ላይ የተደገፉትን ባዶ ፍሬሞች አየች።

«ወንድሜ ነው እኮ! አንዲት ፎቶግራፍ ነበረችን። ልደብቅ ነው ብትዪኝ መሬት ቆፍሬ እቀብርልሽ ነበር። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅህ ታውቅ ነበር። ብታውቅ፣ ሲመቱህ ትናገር ነበር።»

«እኔ አልናገርም!»

«ትናገር ነበር፣ ሓወይ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «እኔም እናገር ነበር፤ ለዚህ ነው ያቃጠልኳቸው። በእጄ ያለ ነገር ቢኖር እሰጥ ነበር።»

ውጪልኝ አልኳት። ወጣች። ልክ ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን ስንት ዓመት አገላብጬዋለሁ። ልክ ናት። ቢሆንም መጠየቅ ነበረባት። ሰው የወንድሙን ፊት ሳይጠየቅ አይቀማም። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ ፍሬም አልሠራሁላትም። ሲኞር ጊዶ ለጠዋቱ ሥራ ብቻ መልሶ ወሰዳት፤ ባዶ ወንበር የሚያስነሳ ሰው ግን ጠፋ። ከሰዓት የትራስ ልብስ ትጠልፋለች፣ ለሙሽሮች ቬሎ ትሰፋለች ሲሉ እሰማለሁ። «እጇን ተወችው፣ ሆዷ ብቻ ቀረ» እል ነበር ለራሴ፤ ደስም ይለኝ ነበር። ምሽት ላይ ኮምቢሽታቶ ስንሸራሸር ከሩቅ አያታለሁ። ከልጇ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ ትሄዳለች፤ እኔን ስታይ ትቆማለች፤ ፊቴን ትክ ብላ ታየዋለች። ሰላም አትለኝም። እኔም አልላትም። ዓመት በመጣ ቁጥር እንደዚያ ቆማ ታየኛለች። ምን እንደምትፈልግ አላውቅም ነበር።

በስድስተኛው ዓመት ሃብተ መሞቱን ሰማን። ከሰል የሚያመጣልን ሰውዬ ጆንያውን አውርዶ፣ ለእናቴ ሳይሆን ለከሰሉ የሚያወራ መስሎ ነገረን። ከሞተ ቆይቷል፤ የት እንደተቀበረ ጓደኞቹ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ሜዳ ለወጣ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነው። «ከጅዳ ሲመለስ ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ በወባ ሞተ» አልን። ጎረቤቱ ሁሉ «ወባ ክፉ ነው» እያለ ገባ። የመንገዱ ጥግ ላይ ወታደሮች ቆመዋል፤ ማን እንደሚገባ ማን እንደሚወጣ ያያሉ። ቤቱ ሞላ። እናቴ መሀል ላይ ተቀምጣለች። ለቅሶ የሚቀመጠው በሟቹ ፎቶግራፍ ፊት ነው። አልቃሿ «ፎቶግራፉን አምጡልን፣ መልኩን እያየሁ ልጥራው» አለች። ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። እኔ ወደ ግድግዳ የዞረውን ሥዕል አየሁ።

«የለውም» አለች እናቴ። «ፊት የለውም። ምን አይቼ ነው የማለቅሰው?»

ለተብርሃን የገባችው ያኔ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በወታደሮቹ መሀል አልፋ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ ታቅፋ። ደጇ ላይ ሥዕል የቀደደችባት ሴት እዚያው ነበረች፤ አንገቷን ደፋች። ለተብርሃን ማንንም ሳታይ ሄዳ ከእናቴ ፊት ተንበረከከችና ነጠላውን ፈታችው።

ያለ ቤተሰብ፣ ያለ ወንበር፣ ፊት ብቻ ነው። ሃብተ ነው። ሊስቅ ነው። ግን የማውቀው ሃብተ አይደለም። ግንባሩ ሰፍቷል፤ ጺሙ ሞልቷል፤ ከዓይኑ ሥር የድካም መስመር አለ።

እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አለች። «የኔ ልጅ ልጅ ነው። ይሄ ትልቅ ሰው ነው።»

«አደይ፣ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው» አለች ለተብርሃን። «በቃሌ የያዝኩትን በየዓመቱ ከወንድሙ ፊት እያየሁ አሳደግሁት።»

እናቴ ሥዕሉን ወሰደች። በነጠላዋ ጫፍ ጉንጩን ጠረገችው፤ አቧራ እንኳ አልነበረበትም። ከዚያ ጮኸች። ያ ሁሉ ዓመት ያልጮኸችውን ጮኸች፤ ወታደሮቹም ሰሙ፤ ይስሙ።

በር ላይ ተከትያት ወጣሁ። «የሌሎቹስ?» አልኳት።

«የሁሉም አለ» አለችኝ። «ከእስር ከወጣሁ ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት እሱን ነው የምሠራው። ለለቅሶ ፈልጎት የሚመጣብኝ ሰው እንዳይኖር እየጸለይኩ።»

ውስጥ ያሉት ሴቶች ሰምተዋል። ከመሀላቸው የኔስ ብላ የጠየቀች አንዲት አልነበረችም።

ሱቄ ሄጄ ከወይራ እንጨት ፍሬም ቆረጥኩ፣ መስተዋት አስገባሁ፣ ሠልስቱ ሳይወጣ ሰቀልኩት። በኔና በለተብርሃን መሀል የነበረው ቂም ያለቀው ያን ዕለት ነው፤ የካቲት 9 ቀን 1965 ዓ.ም.።